ቮልስ መውደድ ዘውድ መናፈቅ አይደለም

ሰሞኑን የድሮ መኪናና የድሮ ሙዚቃ ወዳጆችን የሚወቅስ ረዘም ያለ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ጸሐፊው እሁድ ጠዋት ቮልሳችንን አጣጥበን የምንገናኘውን፣ የሙዚቃ ሸክላ ፍለጋ መርካቶን የምናስሰውን፣ ቤልቦተም ሱሪ አሰፍተው ፎቶ የሚነሱትን ወጣቶች ጭምር በአንድ ሙቀጫ ወቅጠውናል። ክሳቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ የምንናፍቀው የባላባቱን ሥርዓት ነው፤ የምንኮራበት ባህል ከፈረንጅ የተኮረጀ ነው፤ «ወርቃማ ዘመን» የተባለውን ሙዚቃ ታላቅ ያደረገው አንድ ፈረንሳዊ ሰብሳቢ ነው፤ መኪኖቹ ጭስና አደጋ ስለሆኑ ከመንገድ ይውጡ፤ ያልኖሩበትን ዘመን የሚናፍቁ ወጣቶችም ከገዛ ዘመናቸው የሸሹ ናቸው። ጽሑፉ በቁም ነገር የተጻፈ ነው፤ እውነት ያለበት ቦታም አለ። እኔም በቁም ነገር እመልሳለሁ። እ.ኤ.አ. ካላልኩ በስተቀር ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ትልቁ ክስ የዘውዱ ስለሆነ ከሱ ልጀምር። ጸሐፊው ቮልስን የዚያ ሥርዓት ጌጥ አድርገው ነው የሳሏት። እኔ ግን ቮልስና ዘውድ አንድ ላይ ሲነሱ ትዝ የሚለኝ አንድ ማለዳ ነው፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.። መኮንኖቹ ንጉሠ ነገሥቱን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት አውጥተው ወደ 4ኛ ክፍለ ጦር የወሰዷቸው በቮልስ ነበር። በሮልስ ሮይስ ሲሄዱ ሕዝብ የለመዳቸው አፄ ኃይለ ሥላሴ የቮልስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቮልስ ባለ ሁለት በር ናት። ከኋላ ለመግባት የጋቢናውን ወንበር ወደ ፊት ማጠፍ፣ አንገትን ደፋ ማድረግ፣ እግርን ሰብስቦ መሹለክ ያስፈልጋል። እኔ ልጅነቴን ሙሉ በዚያ ቀዳዳ ስገባና ስወጣ ስላደግኩ፣ የዚያን ቀን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ ላይ የሚመጣው ያ ማጎንበስ ነው። ማንም ሠራተኛ በሚነዳት መኪና መወሰዳቸው ከየትኛውም አዋጅ በላይ የተናገረ ይመስለኛል። ስለዚህ ቮልስ የዚያ ሥርዓት ምልክት ናት ከተባለ፣ የፍጻሜው ምልክት ናት።

የእኛ ቤት ቮልስ ደግሞ የራሷ ታሪክ አላት። አያቴ የሰው መሬት የሚያርሱ ጭሰኛ ነበሩ። አባቴ አዲስ አበባ መጥቶ፣ የማታ ተምሮ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ሆነ። በ1964 ዓ.ም. እቁብ ሲደርሰው፣ ኮንትራቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ መምህር ላይ የ1965 እ.ኤ.አ. ሞዴል ቮልስ ገዛ። ሞተሯ 1200፣ ጉልበቷ 34 ፈረስ፣ ባትሪዋ 6 ቮልት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታውጆ ከተማው ለድጋፍ ነቅሎ ሲወጣ፣ አባቴ እናቴን ጋቢና አስቀምጦ፣ ለጥየቃ ከገጠር መጥተው የነበሩትን አያቴን ከኋላ ጭኖ በዚያችው ቮልስ ሄደ። መንገዱ በሰው ስለተሞላ ለገሃር አካባቢ አቁሟት የቀረውን በእግራቸው ተጓዙ። አያቴ ከመኪናው ሲወርዱ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ እንደ በሬ ጎን ፓራፋንጎዋን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉላት ይባላል እቤታችን። አባቴ ይህን ሳያወራ ያለፈ በዓል ትዝ አይለኝም። እሁድ ጠዋት ያንኑ ፓራፋንጎ በእርጥብ ጨርቅ ስወለውል ባላባት እየናፈቅኩ ነው የሚለኝ ሰው የማንን ታሪክ እየተናገረ እንደሆነ አላውቅም።

ጸሐፊው የወሎን ረሀብ ማንሳታቸው ትክክል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ባንድ ሲጫወት፣ በ1965 እና 66 ወሎ ውስጥ ሰው በየመንገዱ ይወድቅ ነበር፤ መንግሥትም ደብቆታል። ያን የሚክድ የሸክላ ሰብሳቢ ካለ ከጸሐፊው ጎን ቆሜ እሟገተዋለሁ። ነገር ግን ሙዚቀኞቹን ከሥርዓቱ ጋር በአንድ ገመድ ማሰር ፍርደ ገምድልነት ነው። እርግጥ ባንዶቹ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ነበሩ፤ ደመወዛቸውም ከመንግሥት ነው። ሆኖም በታኅሣሥ 1953 ክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ ሲከሽፍ ከታሰሩት አንዱ ጥላሁን ገሠሠ ነበር። ማሕሙድ አሕመድም መርካቶ ያደገ፣ ሊስትሮ ሆኖ ጫማ የጠረገ፣ አሪዞና ክለብ ውስጥ እየተላላከ ሳለ መድረክ ላይ የወጣ ልጅ ነው። የሕይወት ታሪኩን የሚያውቅ ሰው የመሳፍንት ባህል አይለውም።

ወደ ኩረጃው ልለፍ። ድምፃዊው አለማየሁ እሸቴ አሜሪካዊውን ዘፋኝ ኤልቪስን ይወድ ነበር፤ ደብቆትም አያውቅም። ልጅ ሳለ ሆሊውድ እገባለሁ ብሎ ከቤት ጠፍቶ ምጽዋ ድረስ ሄዷል። አስመራ ከነበረው የአሜሪካኖች ቃኘው ጣቢያ የሚተላለፈው ሬዲዮም የብዙዎችን ጆሮ ከፍቷል። የነሐስ መሣሪያው ታሪክ ከዚያም ይርቃል። ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች መለከት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። የወንድሙ ልጅ ኔርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ስንቱን አሠለጠነ። ይህን ሁሉ ጸሐፊው እንደ ማጋለጫ ነው ያቀረቡት። እኔ ግን ሳክስፎኑ ከውጭ መምጣቱን ሳይሆን እዚህ ደርሶ ምን እንደተነፋበት ነው የምጠይቀው። የተነፋው ትዝታ ነው፣ ባቲ ነው፣ አምባሰል ነው፣ አንቺሆዬ ነው። ከበሮው ሥር ደግሞ እስክስታ የሚያስመታው ችክችካ አለ። የኤልቪስን ዘፈን የሚያውቅ አሜሪካዊ የአለማየሁን ድምፅ ሲሰማ የራሱን ዘፈን አያገኝበትም። ሙላቱ አስታጥቄም ለንደንና ቦስተን ተምሮ ቫይብራፎን ይዞ ሲመጣ የሠራው በእነዚሁ ቅኝቶች ላይ ነው።

ስለ ሙዚቃው ብዙ ተጽፏል። ስለ ጋራዡ ግን የጻፈ ስለሌለ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጸሐፊው መኪኖቹ «የእኛ አይደሉም» ብለዋል። እስቲ ማንኛውም መካኒክ ዘንድ ሄደው አንድ ቀን ይዋሉ። ካንዴላ ቀይር ይባላል፤ ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ነው። ፍሬቻ አብራ ይባላል፤ ፍሬቻ ቀስት ነው፤ በድሮዎቹ መኪኖች ጎን እየወጣች የምትጠቁመዋ ቀስት። ፓራፋንጎ የጭቃ መከለያ ነው። ሊብሬ ትንሽዬ መጽሐፍ ነው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ኮፈን፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ቦሎ፣ ጎሚስታ፤ ሁሉም ከዚያው ናቸው። ዕቃ መጫኛውን ጣሊያኖቹ ፖርታባጋሊ ይሉታል፤ በእኛ ሾፌርና ረዳት አንደበት ግን ዞሮ ዞሮ ፖርቶ መጋላ ሆነ። ወራሪው በአምስት ዓመቱ ተባሮ ወጣ፤ ቃሉ ቀረ፤ የቀረውን ቃል ደግሞ የሚያዝዝበት ሐበሻው መካኒክ ነው። በዚህ ቋንቋ የጀርመኑን ቮልስ፣ የፈረንሳዩን ፔዦ፣ የሩሲያውን ላዳ፣ የጃፓኑን ኮሮላ ሲጠግን ስንት ዓመት ሆነው! ቶዮታ ለሠራው ጃፓናዊ ካንዴላ ብትሉት አይገባውም። ሶማሌ ተራ ግን ቶዮታም ይሁን ቮልስ በዚህ ቋንቋ ይፈታል፣ በዚህ ቋንቋ ይገጠማል። ይህ የእኛ ካልሆነ ምን የእኛ ሊሆን ነው?

ሌላም አለ። ቮልስ የተነደፈችው ጀርመን ውስጥ ነው፤ የአዲስ አበባን ከፍታ ግን የምታውቀው በመካኒኮቻችን እጅ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ለቆላ አገር የተስተካከለ ካርቡራተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው) እዚህ ሲመጣ ነዳጅ ያበዛል፤ ሞተሩ ይታፈናል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። እኛ ጋሼ የምንላቸው መካኒክ ይህን የተማሩት ከመጽሐፍ አይደለም። ካንዴላውን ፈትተው ጫፉን ወደ ፀሐይ ያዞሩታል። ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ነዳጅ በዝቷል፤ የነዳጅ ማሳለፊያዋን በጠበበች ይለውጧታል። እንደ ቡናማ ሸክላ ከቀላ «አሁን በላች» ይላሉ። አባቴ ከሞተ በኋላ መኪናዋ አራት ዓመት ቆማ ስወስድላቸው መጀመሪያ ያደረጉት ይህንኑ ነበር። ካንዴላውን በጣታቸው እያሳዩኝ «ልጄ፣ አባትሽ ወደ ደብረ ዘይት ብዙ ይነዳ ነበር አይደል?» አሉኝ። ይነዳ ነበር፤ እህቱ እዚያ ነበረች። ከምን እንዳወቁት እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ጸሐፊው ቮልስ የሂትለር መኪና ናት ማለታቸውንም አልዘልለውም። ሐሳቡ በናዚ ዘመን መጠንሰሱ፣ ፋብሪካውም በጦርነቱ ጊዜ በግዳጅ ሠራተኞች ጉልበት መሥራቱ እውነት ነው፤ ሊሸፈንም አይገባም። ለሕዝብ የተሸጠችው ቮልስ ግን ከ1945 እ.ኤ.አ. በኋላ ከቦምብ ፍርስራሽ መሐል፣ እንግሊዛዊው ሻለቃ አይቫን ኸርስት ፋብሪካውን ይዞ ያስነሳት ናት። በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ እስክትወጣ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። አዲስ አበባ የገባችውም በዚህኛው ሕይወቷ ነው።

ፈረንሳዊውን ሰብሳቢ በተመለከተ ጸሐፊው ታሪኩን ገልብጠውታል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮጲክስ የተባሉትን ተከታታይ አልበሞች ማውጣት የጀመረው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። ውለታው ትልቅ ነው፤ ልናመሰግነው ይገባል። ግን ሲሰበስብ የተሰበሰበው ነገር ነበረ። አምሃ እሸቴ በ24 ዓመቱ፣ በ1969 እ.ኤ.አ. የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ ሲከፍት ሸክላ የማሳተሙ መብት በንጉሡ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ማኅበሩ ስላላሳተመ እኔ አሳትማለሁ ብሎ፣ እንደሚከሰስ እየተነገረው፣ የአለማየሁን ዘፈን ቀርጾ ሸክላውን ህንድ አገር አሳተመ። በስድስት ዓመት ውስጥ 103 ነጠላ ሸክላዎችና 12 አልበሞች አወጣ። በዚያ «ትናፍቁታላችሁ» በተባልነው የዘውድ ዘመን የንጉሡን ትእዛዝ ጥሶ ይህን ሙዚቃ ያወጣልን አንድ የአዲስ አበባ ወጣት ነጋዴ ነው። ጸሐፊው ስሙን አንድም ቦታ አላነሱትም፤ የፈረንሳዊውን ግን አራት ጊዜ ጠርተዋል። ይህ ከሁሉም ይበልጥ ያሳዘነኝ ነው። ሙዚቃውን ፈረንጅ ፈጠረው ብሎ የሚወቅስ ሰው ራሱ የሠሪውን ስም ሲተው ምን ይባላል?

ሕዝቡ ረስቶት ነበር መባሉም ትክክል አይደለም። ደርግ ሲመጣ የሰዓት እላፊ ለዓመታት ማታውን ዘጋው፤ ክለቦቹ ጨለሙ። አምሃም በ1975 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሄዶ ዋሽንግተን ላይ ሠፈረ። ሸክላው በካሴት ተተካ። ግን ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ በሰርግ ተጫወተ፤ ሚኒባስ ውስጥ ተሰማ። እኛ ቤት ካሴቱ ሲላላ እናቴ በእርሳስ እያጠነጠነች ትመልሰው ነበር። አንዱ ክር ተበጥሶ በጥፍር ቀለም ተጣብቆ ስለነበር፣ ጥላሁን አንዲት ቃል አጋማሽ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይውጠነጠናል። እኔ ዛሬም ያን ዘፈን ንጹሑን ቅጂ ስሰማ ያቺ ቃል ላይ ጆሮዬ ይጠብቃል። ሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ጥላሁን ሲሸኝ መስቀል አደባባይን የሞላው ሕዝብ ከፓሪስ በመጣ ዲስክ ያወቀው አልነበረም።

ስለ ጭስና አደጋ ያሉት ላይ ግማሹን እቀበላለሁ። ቮልስ የአየር ከረጢት የላትም። ፍሬኗ በአራቱም እግር የድሮው የከበሮ ዓይነት ነው፤ ጎርፍ ውስጥ ከገባች እስኪደርቅ አይዝም። ባለፈው ክረምት አንድ ዳገት ሥር ፊቴ የቆመ ታክሲ ጋ ለመድረስ አንድ ክንድ ሲቀረኝ ቆማልኛለች፤ ከዚያ ወዲህ በዝናብ አልወጣም። ባለ 6 ቮልት መብራት ለማታ መንገድ አይበቃም፤ ማታም አልነዳትም። ልጅ አስቀምጬ ወደ አዳማ ፈጣን መንገድ አልወጣም። ወዳጆቼንም እንዲሁ እመክራለሁ፤ የደኅንነት ቀበቶ ያላስገጠመ ካለ መጀመሪያ እሱን ያስገጥም፣ ቀለሙና ኒኬሉ ይቆየው። ማጣሪያ የሌለው የድሮ ሞተር ከአዲስ መኪና የበለጠ እንደሚበክልም አልክድም። የከተማውን የዕለት ጭስ ግን በሳምንት አንዴ ለሁለት ሰዓት በምትነሳ ቮልስ ላይ ማላከክ አይሆንም። ከጧት እስከ ማታ የሚመላለሰውን ናፍጣ ተሽከርካሪ ጸሐፊው በአንድ መስመር እንኳ አላነሱትም።

በጥር 2016 ዓ.ም. የተነገረውን ውሳኔም አጣመውታል። የተከለከለው በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎችን ማስገባት ነው። ያሉትን ከመንገድ አስወጡ የሚል ነገር የለበትም። ቮልሶቻችን ቦሎ እያሳደሱ፣ እየተመረመሩ የሚሄዱ ናቸው። ምርመራውን ያላለፈች ትቁም፤ በዚህ አንጣላም።

ይህ የሀብታም ጨዋታ ነው ለተባለው ብዙ አልመልስም። ዋጋቸው መናሩ እውነት ነው። ከእኛ መሐል ግን አብዛኛው ሰው መኪናውን አልገዛም፤ ወረሰ። የሚገዛውም ሳያጣ አልሸጣትም።

የቀረው የወጣቶቹ ነገር ነው። ጸሐፊው ሚኒና ቤልቦተም ያኔም የትግል ማደናቀፊያ ነበር ብለዋል። ክርክሩ አዲስ አይደለም፤ መጋቢት 1960 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፋሽን ትርኢት ሲዘጋጅ ተማሪዎች «የምዕራባውያን ባህል ወረራ» ብለው ተቃውመው ትልቅ ረብሻ ተነሥቷል። የትርኢቱ ሴት ልጆች የዚያን ቀን የደረሰባቸውን ስድብና ግፊያ ማንም ይቅርታ ሲጠይቅበት አልሰማሁም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን በየሰልፉ ፊት የሚታየው ወጣት ራሱ አፍሮውን አጎፍሮ፣ ሱሪውን አስፍቶ ነበር። ልብስ ማንንም ከአገሩ ጉዳይ አላራቀውም። ዛሬም አያርቀውም።

ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ እነዚህ ከዘመናቸው ሸሽተዋል የተባሉ ልጆች ምን ሲያደርጉ እንደነበር ልናገር። ፎቶ ሲያነሡ ነበር፤ የየሱቁን የድሮ ታፔላ ሲመዘግቡ፣ የሙዚቃ ቤት ከፍተው የነበሩ አዛውንቶች ቤት እየሄዱ ይህችን ሸክላ የት ቀረጻችኋት፣ ሳክስፎኑን ማን ነፋው እያሉ ሲጠይቁ ነበር። በትንሿ ሸክላ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የዘፋኙ ስም ብቻ ነው። ከጀርባ የተጫወቱት ሰዎች አንድ በአንድ እያለፉ ነው፤ ስማቸውን እያሳደደ የሚጽፈው ደግሞ ጸሐፊው ከዘመኑ የሸሸ ያሉት የሃያ ዓመት ልጅ ነው።

ጋሼም ዘንድ አንዲት ልጅ አለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ ስትፈልግ ቆይታ ነው የመጣችው። የቮልስ ሞተር አራት ቡሎን ፈትቶ የሚወርድ ነው፤ እሷ አሁን ብቻዋን ታወርደዋለች። ባለፈው ቅዳሜ የእኔን ቫልቭ ልታስተካክል ከኋላ ኮፈኑን ከፍታ ተንበረከከች። ቫልቭ የሚለካው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ስለሆነ መኪናዋን ዓርብ ማታ ነበር ያሳደርኩላት። በእነዚህ የድሮ ሞተሮች ዘይት ማቀዝቀዣው የሚመጣውን ነፋስ ይጋርድበታልና ቁጥር 3 ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል፤ ቫልቩም መጀመሪያ የሚቃጠለው የሱ ነው። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ሆነው ሻያቸውን ይዘው ዝም ብለው ያዩዋታል። ስሷን መለኪያ ብረት በዘይት ጨርቅ ጠረገችና፣ ማንም ሳይነግራት፣ ከቁጥር 3 ጀመረች።